ያማረኝ ወይን

ከስታዲየም ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚርድበት ክፍል፣
ትርሲት ተጋደመች፤
ከግራ ጉንጯ ላይ ጸጉሯን ሰበሰበች፤
ለኔ እንኳ እንቅልፍ ሲጥላት ብቻ የሚታየኝን
ለማታውቃት ሐኪም ገልጣ ሰጠች።
ጥቁር መነጽር ታደለን፤
«ብርሃኑ ለዓይን አይሆንም» ተባልን።

ጣ!
ላስቲክ ተስቦ ገላ ላይ እንደሚለቀቅ።
ጣ!
በቀዝቃዛ ነፋስ መሃል ፍም ብልጭ ሲል፣ ሲወድቅ።
በየ«ጣ»ው የእግሯ ጣት ይታጠፋል፤
የኔም አንጀት አብሮ ይታጠፋል።

ጎረቤት «ማርያም ስማት ነው» ይል ነበር፤
እኔም «አሜን» እል ነበር፤
እመቤቴን የሐሰት ምስክር አቁሜ
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስኖር።

ትርሲት ሆዴ ውስጥ፣ በስድስተኛ ወሯ፣
ፒያሳ፣ አትክልት ተራ፣ ከዝናብ ኋላ፣
ጥቁር ወይን አየሁ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ዘለላ።
በመሐረቤ ጫፍ የታክሲ ሳንቲም ብቻ ቋጥሬ
ምራቄን ዋጥኩና፦
ምን ነካኝ?
ጉንጬን ነካሁ።
ግራውን።

ከዚያ ወዲህ እጄ ፊቴን አያውቀውም፤
ስታጠብ በጨርቅ ነው፤ ስተክዝም አልደግፈውም።
አባቷ የሞተ ዕለት ፊቴን ስላልነጨሁ
አማቶቼ «ልቧ ድንጋይ» አሉኝ፤
አልመለስኩላቸውም።

መብራት ሄደ።
«ጣ» መሃል ላይ ቆመ።
ጨለማ ደፋር ያደርጋል፤ ጠየቅኳት፦
«ዶክተር ሐያት፣ አምሮት ነው አይደል?»
«የምን አምሮት?»
ወይኑን፣ ዝናቡን፣ እጄን፣ ሁሉንም ነገርኳት።
ምድር ቤት ጄኔሬተሩ ያስነጥሳል፣ አልነሳም ይላል።
«እናቴ፣ ስር ነው፤ የደም ስር።
ከጸጉር የቀጠነ፤ መጥበብ ሲገባው ሰፍቶ የቀረ።
ወይኑን ጠግበሽ በልተሽ ቢሆንም ኖሮ
ይኸው ነበር።»

ይኸው ነበር!
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንዲት «ነበር»።

ትርሲት በጨለማው ውስጥ ሳቀች፦
«እማ፣ ቤታችን ወይን የማይገባው ለዚህ ነው?»

ብርሃን ሲመለስ መነጽሬን አላወለቅኩም።

«ዛሬ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይገረጣል፤
ስድስት ጊዜ ትመጣላችሁ፤
ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል።»
ትርሲት ጃንጥላ ዘረጋች፣ ፀሐይ እንዳይነካት፤
በፒያሳ በኩል ወጣን። አትክልት ተራ የለም።
የቆምኩበትን ቦታ ላሳያት ብዬ
ከአዲሱ አስፋልት ጠርዝ ወዲያ ወዲህ አልኩ፤
ድንጋዩም፣ ጉልቱም፣ ባለወይኗም ሄደዋል።

ከባለጋሪ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ፤ ዋጋው አፍ አያስከፍትም።
ልጄ ፍሬውን እየተፋች በላች፣
ያበጠ ጉንጯን ለመንገደኛ ሁሉ ሰጥታ።
እኔ አንዷን ይዤ ቆምኩ።
ከዚያ እጄ ሳላዘው ተነሣ፣
ጉንጬን አገኘው፤
ለካ ሳላውቀው
አርጅቷል።