አማካይ ሰው

የጥቅምት ማለዳ፣ ጎንደር ብርድ ለብሳ፣
ባጃጅ አወረደኝ አልፌ ከፒያሳ፣
ጠመኔ በኪሴ፣ ሜትር በትከሻ፣
አዲስ ገቢዎቼን ላስይዝ መነሻ።

ክፍሉ ተቀምጧል በየመጣበቱ፣
የአዘዞ ልጅ ካዘዞ፣ የጅማው ከቤቱ፣
የኮንሶው ከኋላ፣ ሌላውም ከጥጉ፣
አንድ ቋንቋ አንድ ወንበር፣ እየተጠጋጉ።
ስለ ብዝኃነት ግን ዲስኩር አላሰማሁም፣
ጠግበውታል እሱን፣ እኔም አልራብሁም።

«በሉ ተነሡ» አልኩ፣ «ከግድግዳው ቁሙ፣
ጀርባችሁን ስጡ፣ በጠመኔ ታተሙ።»
ጋትሉዋክ ሲቆም እጄ አልደረሰበት፣
ወንበር ላይ ወጥቼ ጭረት ጫርኩለት
(በማደሪያው አልጋ እግሩ ውጭ ያድራል፣
ሁለት ካልሲ ደርቦም በብርድ ይማረራል)።
ማንጠግቦሽ ቀረች ከማብሪያ ማጥፊያው ሥር፣
ኩሲያ ተሟገተ፦ «ጫማዬም ይቆጠር!»

ሃምሳ ሦስት ጭረት። ደመርን፣ አካፈልን፣
ስልክ ሁሉ ወጣ፣ ሁለቴ አረጋገጥን፤
«መቶ ስልሳ ስምንት፣ ነጥብ አራት» ተባለ፣
ሰሌዳው ላይ ሰፍሮ በክብ ተከለለ።

«ይህ ነው አማካይ ሰው፣ መጽሐፉ የሚያውቀው፣
በሩን፣ ደረጃውን የምንሠራለት ሰው።
እስቲ ይነሣልኝ እዚህ ክፍል ካለ።»
ክፍሉ ተያየ እንጂ ማን ብድግ አለ!
በጥፍር የሚያንስ አለ፣ በጣት የሚበልጥ አለ፣
እሱ ግን አልመጣም፣ ከስም ዝርዝርም የለ።

ትምህርቴ እዚህ ላይ ነበር የሚዘጋ።
ጠመኔን አራግፌ ደብተሬን ስጠጋ፣
«እኔ ቀረሁ» አለች ከኋላ ሰዓዳ፣
ሁለቱ ምርኩዞቿ ተደግፈው ግድግዳ።
«በምን ልለካ ነው? በምርኩዝ? ያለ ምርኩዝ?
ስልሳ ሁለት ደረጃ ነው እዚህ ድረስ ለመጓዝ፤
እኔ ቆጥሬዋለሁ። እርስዎስ ቆጥረዋል?»
አልቆጠርኩም። ስድስት ዓመት እግሬ ዝም ብሎ ያልፋል።

ለቀሃ ወንዝ ያሰብነው የእግረኛ ድልድይ
በዚያው ቀን ተቀደደ። አዲስ ወረቀት ላይ
ማንጠግቦሽ አሳየች ሙላት የሚደርስበትን፣
ኩሲያ የአገሩን እርከን፣ የካቡን አቀማመጥን፤
ሰዓዳ ደረጃን ሰርዛ ዘቅዛቃ መንገድ አረገችው፣
ጋትሉዋክ መደገፊያውን በሁለት ከፍታ ሣለው።
ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ ጭቅጭቅ ነው ብዙው።
ሁሉም አልተዋደደም፤ ሁለት ልጆች አኩርፈው
ወደ ድሮ ወንበራቸው ሄዱ ደብተር ይዘው።

ያን ዕለት ማታ ግን፣ ወይዘሮ ጥሩየ መጣች፣
«ይጥፋ ወይ ይህ ጠመኔ?» እርጥብ ጨርቅ እንደያዘች።
«ይቆይ» አልኳት። ጭረቱን ከላይ እስከ ታች አየች፣
የጋትሉዋክን ቀና ብላ፣ ራሷን ነቀነቀች፣
የሰዓዳን ሁለት መስመር (ቆማም፣ ተቀምጣም) አገኘች፤
ባልዲዋን አስቀምጣ «ዘወር ይበሉ» አለችኝ፣
ነጠላዋን አጠፈች፣
ጀርባዋን ሰጥታ ለግድግዳው
ቀጥ ብላ ቆመች።