ከራሱ እስከ ራሱ

አቻኦ ወደብ ላይ፣ ከዓሣው መጋዘን ጀርባ፣
ሌሊት የማይተኛ ቢሮ አለ፣ ጣሪያው ዝናብ የሚያስገባ።
ሥራዬ እዚያ ነው፤ በሠንጠረዥ ደሴት እደረድራለሁ፤
የየጤና ኬላውን ስም፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ እመዘግባለሁ።
የታመመ ሲጣራ ጣቴ መጠይቅ ይጽፋል፦
«ከዚህ ነጥብ ተነሥተህ፣ ለዚህ በሽተኛ ማን ይቀርባል?»

ምድር ገበታ ብትሆን ማስመሪያ በበቃኝ ነበር፤
ጎባጣ ሆነችና፣ ጉብጠቷን የሚያውቅ ቀመር፣
ሳይንና ኮሳይን፣ ከድሮ መርከበኞች ተዋስኩ፤
በሦስት መስመር ትእዛዝ ባሕሩን እንደ ክር ጠመዘዝኩ።

አልዋሽም፤ የመጀመሪያው ሳምንት መሳቂያ አደረገኝ።
«የሜውሊን ነርስ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ናት» አለኝ።
እሱ የሚያውቀው ራዲያን፣ እኔ ያጎረስኩት ዲግሪ!
ሮሳሜል ሊንኮማን፣ የጎን ጠረጴዛው ነገር ጫሪ፣
«ዲግሪሽ» አለ፣ «ግድግዳው ላይ ያማረው፣ እሱ ይቆይ፤
ኮዱ ውስጥ የገባውን ግን ለውጪ፤ አባዢው በፓይ።»
አባዛሁ። ለመቶ ሰማንያ አካፈልኩ።
ደሴቶቹ ከየስደታቸው ተመለሱ።
ሦስት ወር ደረቴን ነፋሁ፤ ከዚያ ሰኔ ገባ፣ አፈርኩ።

ሰኔ እዚህ የክረምት እንብርት ነው። የሰሜን ነፋስ
ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሬዲዮው ሲያስነጥስ፣
ከአፒያኦ ጥሪ መጣ፤ የወንድ ድምፅ፣ የሚንቀጠቀጥ፦
«ኬላው ውስጥ ነን። ሚስቴን ይዟታል ምጥ።
ለሥራ የመጣን እንግዶች ነን። ሰው የለም።»

መጠይቁን ሰደድኩ። መልሱ ተርታውን ይዞ ወረደ፤
ቀዳሚው ካጓች ነው፤ ኤሊሴር ጀልባውን ይዞ ነጎደ።

ዴልሚራ ሁዌንቹር የአፒያኦ አዋላጅ ናት፤
ከኬላው ጓሮ፣ በዚያው ነጥብ፣ ጠባብ ክፍል አላት።
ዝርዝሩ ላይ የለችም። እኔም ቁጥሩን አምኜ
ስሟን ሳልፈልግ ቀረሁ፤ ምን ነካት ያቺ ዓይኔ!

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሬዲዮው እንደገና፦
«ዴልሚራ ነኝ። ጩኸቷን በግድግዳ ሰማሁትና
ተነሣሁ። ምነው ባትጠሩኝ? የሕፃኑ ራስ ወጥቷል።
ጀልባውን መልሱት፤ ባሕሩ ተቆጥቷል።»

ሲነጋ መስመር በመስመር በረበርኩ።
ከራሱ እስከ ራሱ ያለው ርቀት፣ ሕፃን ያውቀዋል፣ ምንም ነው፤
ኮሳይኑም ድፍን አንድ። ማሽኔ ግን የመለሰው
አንድ፣ ነጥብ፣ አሥራ አምስት ዜሮ፣ ከጅራቱ ሁለት!
የአሸዋ ቅንጣት ስባሪ፤ የማጠጋጋት ስሕተት።
አርክ ኮሳይን ደግሞ ከአንድ ያለፈ አይቀበልም፤
«ባዶ» ብሎ ሸኛት። ባዶ ከምንም አያንስም፣ ከምንም አይበልጥም፤
«ከሃምሳ ኪሎሜትር በታች» ሲባል፣ በየትኛው በር ትግባ?

በጣም ስለቀረበች ቀረች።

ልጓም አበጀሁለት፤ ከአንድ ካለፈ አንድ በል፣ አልኩት።
ዴልሚራን፣ ዜሮ ኪሎሜትር ተብላ፣ ከሁሉ በላይ አየኋት።

እሑድ ደወለች፣ ስለ ክትባቱ በረዶ ልትጠይቅ። በመሃል፦
«ልጁን» አለች፣ «ኤሊሴር ብለውታል፤
በማዕበል ለተነሣላቸው ሰው ምስጋና።»
ትንሽ ዝም አለች። ነፋሱ በመስመሩ ገባ። ከዚያ ሳቀችና
ስለ በረዶው ቀጠለች።

ኮድ ውስጥ አንድ ዓይነት መስመር አለ፣ ማሽኑ የማያነበው፣
ለሚመጣው ሰው የሚተው።
ሮሳሜል ሊያጨስ ሲወጣ፣ ከልጓሙ በላይ ጻፍኩት፦
ዴልሚራ እዚህ ናት።