ልክ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
ኦማሃ ከነበረዶዋ ተኝታ ሳለች፣ መብራቱ ሳይጠፋ ከጎዳና፣
ደም እቀዳለሁ እኔ። ሥራዬ ይኸው ነው፤
ክንድ ማሰር፣ ሥር ማሰስ፣ “ትንሽ ይቆነጥጣል” ማለት፣
ሦስት ብልቃጥ ሞልቼ ስም መለጠፍ ከአንገቱ በታች።

ሁለት ደንበኞች ነበሩኝ፣ ወንበራቸው ጎን ለጎን፤
ዱዌይን፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ በር የሚያህል ሰው፣
ኢግናሲያ፣ እግሯ ከወንበር ላይ ወለሉን የማይነካው።
እሷ በደቡቡ ሰፈር፣ ከሥጋ ፋብሪካው፣
አሥራ ስድስት ዓመት የከብት ጉበት መዛኝ ነበረች።
“የታመመውን ሚዛን ሳልጠይቅ በጣቴ አውቀዋለሁ” ትለኛለች፤
“የራሴን ብቻ ሳልነካው ቀረሁ” ብላ ትስቃለች፣
የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኖ፣
ሆዷ በውሃ ተወጥሮ፣ ክንዷ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ።

አማርኛችን ለጉበት ንፉግ ነው፤
አንጀት ይንሰፈሰፋል፣ ሆድ ይባባል፣ ልብ ይሰበራል፤
ጉበት ከዱለት ያለፈ ማዕረግ የለውም።
ዝም ብሎ ይሠራል፤
ሲደክመውም አይናገርም፣ ዓይን ላይ ወጥቶ ይታያል።

ተራው በነጥብ ነው፤ ነጥቡ ከደም ይቀመራል።
የባሰበት ይቅደም፤ ፍርድ ነው፣ ፍርድም ይመስላል።
ከቁጥሮቹ አንዱ ግን መነሻው ጡንቻ ነው፤
ክሬአቲኒን ይሉታል፣ ኩላሊት ሲዝል የሚያሻቅበው።
ጡንቻ ላልተረፈላት፣
ኩላሊቷ እየከዳት እንኳ ቁጥሩ ጨዋ ሆኖ ይቀመጣል፣
“ደህና ናት፣ ትቆይ” ይላል።
ክረምቱን ሙሉ የእሱ ሃያ ስምንት፣ የእሷ ሃያ አራት።
ብልቃጡን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ደሟ አልዋሸም፤
ጥያቄው ነው በሌላ ሰው ልክ ተሰፍቶ የጠበቃት።

በመጋቢት ወደቀች። ቁጥሩም ዘግይቶ ተከተላት፤ ሠላሳ።
በአንድ ሌሊት ስልክ ተደወለ፤ ጾሟን መጣች፣
ጋውኑን ሁለት ዙር ተጠቅልላ አልጋ ላይ ወጣች፣
ቀለበቷን አውልቃ በልጇ መዳፍ አኖረች።
ሐኪሙ ሊነጋ ሲል ተመለሰ። ሰጪው ግዙፍ ሰው ነበር፤
ጉበቱ ሰፊ ነው፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር አይከተትም።
“ልክሽ አይደለም” አሏት።
ቀለበቷን መልሳ አደረገች። ጣቷ ቀጥኖ ስለነበር ዞረባት።

ረፋዱ ላይ ዱዌይን በዚያው በር ገባ።
ያው ጉበት ይሁን ሌላ ማንም አልነገረኝም፤
እኔ ሰዓቱን ቆጠርኩ እንጂ አልጠየቅሁም።
እሷ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየች።

ኋላ ቀመሩን አረሙት፤ ለሴት አንድ ነጥብ ከሲሶ ጨመሩ።
ሲሶ! አያቴ የሰው መሬት ሲያርስ የሚያውቃት ቃል፣
በነብራስካ ላብራቶሪ አገኘኋት፤
የዘገየች ድርሻ፣ ግን ድርሻ ናት፤ አልንቃትም።

ከኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ጥናት ተለጥፏል፤
ሁለት መስመር ጎን ለጎን ቁልቁል ይወርዳል፣
የሴቶቹ ቀስ ብሎ፣ ከወንዶቹ ከፍ ብሎ።
“ከተተከለላቸው ይበረታሉ” ይላል ወጣቱ ሐኪም፣ ኮርቶ።
እኔ ግን የማየው በስተግራ ነው።
መስመሩ ከዜሮ ይነሳል፤ ዜሮ ማለት የቀዶ ጥገናው ቀን።
ከዜሮ ወዲህ፣ ሁለት ጣት የምታህል ነጭ ወረቀት፤
ከወንበሩ ላይ እግሯ እንደተንጠለጠለ
ኢግናሲያ እዚያ ናት።

ዱዌይን ዛሬም ይመጣል፣ አራተኛ ዓመቱ ነው፤
ጉንጩ ሞልቷል፣ አሳ ስለማጥመድ ያወራል።
እንደ ዋዛ ጠየቀኝ ዛሬ፤
“ያቺ ደቃቃዋ ሴትዮ፣ በርበሬ ያለው ከረሜላ የምታካፍለኝ፣
ደረሳት?”
የታካሚ ምስጢር ነው፤ ሕጉ አፌን ይዞታል።
ላስቲኩን ክንዱ ላይ አዞርኩና ሳብኩት።
“ጠበቀብህ?” አልኩት።

“ኧረ ልክ ነው” አለኝ።