ሁለተኛው ፍሪሲዮን

ጧት ከጎሃ ስንወርድ በእንየው መኪና፣
ግራ እግሬ ይረግጣል ባዶውን እንደገና፤
ቀኝ እጄም ይቃብዛል፣ ልማድ ሆኖበት፣
ስልክ ቻርጅ ይደረጋል ካምቢዮው በነበረበት።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ ሁለት ነው» አለኝ፣ «ከሆዱ ውስጥ፣
አንዱ ይዞ ሲነዳ ሌላው ቀድሞ የሚመርጥ።»
ኩርባው ላይ ጓ አለና ከአምስት ወደ ሦስት ወረደ፤
ፍሬን ነካ አደረገ እንጂ ማን አዘዘው? ማን አስገደደ?

ፈንቴን አሰብኩት ያኔ፣ ረዳቴን፣ የኤንትሬውን፣
በሳሌ ብቻ የሚያውቅ ዳገቱ መክበዱን፤
እኔ ማርሽ ሳወርድ፣ «ውረድ» ሳልለው ገና፣
ታኮውን ታቅፎ ይዘል ነበር ከጋቢና።

ሜዳው ላይ፣ ባጃጅ ሊቀድም እንየው ነዳጅ ሲረግጥ፣
ሌላው ሽቅብ መርጦ ነበርና ዝም አለ እስኪለውጥ፤
አንዲት ትንፋሽ ያህል።
እንየው «ምን ነካው!» ብሎ መሪውን በጥፊ መታ፤
እኔ ግን አውቃታለሁ፣ ያቺን አጭር ዝምታ።

ፈንቴም አንድ ቀን ብቻ ሳተ፤
ሊማሊሞ ነው፣ ጭጋግ፣ ሰው ለሰው አይታይም፤
በግራ ዘለለ መሰለኝ።
ማርሹን በእጄ አወረድኩ። ሞተሩ ጮኸ። ያዘ።
ታኮው ግን አልመጣም።