ስድስት ጣውላ

ከሜልቦርን ምሥራቅ፣ ከጫካው አፋፍ ዳር፣
የኦድሪ ፔንግሊ ቤት ነበረ፤ ነበር።
ቤት የበላው እሳት ሁለት ዓመት ሆነው፤
የተረፈው ምስክር የጡብ ጭስ ማውጫ ነው።

መድን ሰጪው ጻፈ፦ «ቆርቆሮ ይሻላል፤
ባሕር ዛፍ ባገሩ ላምባ ነው፤ ይነዳል።»
ኦድሪ ደብዳቤውን ኩባያ ሥር ጣለች፤
«ሰርዲን ነኝ እንዴ እኔ፣ ቆርቆሮ ውስጥ?» አለች።

አናጢው ስታቭሮስ በፒካፕ ሲመጣ
በክንድ የተለካ ስድስት ጣውላ አወጣ፦
አንዱ መድኃኒት ጠጥቷል፣ አንዱ ማኅተም አለው፣
የመጨረሻው ግን የድሮ ድልድይ ነው።

ወረቀቱን ሁሉ አንብባ ስትጨርስ
«እሳቱን ጥራልኝ፤ እሱ ራሱ ይቅመስ።»

የጋዙ ነበልባል እየዞረ ላሰ፤
ጥዱ እንደ ወረቀት ጮኸና ፈረሰ።
ዝግባው ሙጫ አልቅሶ ተጣሞ ወደቀ፤
የባለማኅተሙ ፊርማው ቀድሞ አለቀ።
የድልድዩ ጣውላ
ጠቆረ። ዝም አለ።
ከሰሉን ካባ አርጎ ቀዩን ልብ ከለለ።

«የእሳት ልጅ አመድ ነው» ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤
የያዝኩትን ጎማ እግሬ ላይ ለቀቅሁት።

በሰንጢ ፋቀችው፦ ሦስት ሚሊ ጥላሸት፤
ከሥሩ እንደ ሥጋ ያልተነካ እንጨት።

«ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው፣ ሚስማርም ያጣምማል፤
ከዓመት ዓመት ደግሞ መልኩ አመድ ይመስላል»
አላት ስታቭሮስ።

እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን አየት አርጋ፣
ያ በጋ የላሰውን ጭምድድ ያለ ሥጋ፣
ከነትኩሳቱ ጣውላውን አቅፋ
ከጭስ ማውጫው ጎን አቆመችው ደግፋ።

«ይሄን።»

ጫማዬ ውስጥ ውሃ።