መቶ መስክ

ሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ስድስቱን በገጠር ሐኪም ሆኜ ኖሬ፣
ዘንድሮ ሐዋሳ ደብተር ገዝቼ ገባሁ፣ ተማሪ ነኝ ዛሬ።
ልጄ ሳቀችብኝ፤ «አባዬ፣ ደገምክ ወይ? ወደቅህ እንዴ?» አለች፣
እርሳሴን ቀረጸች፣ የራሷን ላጲስ ሰጥታ እስከ በር ሸኘች።

በመጀመሪያው ቀን ዶክተር ስንቅነሽ ስሜን ሳይጠይቁ፣
አንዲት ስላይድ ማይክሮስኮፑ ላይ አኖሩና ራቁ።
«ምን ይታይሃል?»
«ምንም።»
«ስንት መስክ አየህ?»
«አሥር… አሥራ ሁለት።»
ዝም አሉ።
ከጥግ አቶ ዋሪሶ፣ መነጽራቸውን ግንባር ላይ ሰቅለው፣
(ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደም ያነበቡ፣ ከመጽሐፍ አስበልጠው)
«ልጄ፣» አሉኝ፣ «መቶ መስክ ሳትዞር ‹የለም› ብለህ አትፈርም፤
በሬ የጠፋበት አሥር ማሳ አይቶ ወደ ቤት አይመለስም።»

መስክ አልኩ በልቤ። ያለ ሣር፣ ያለ አጥር፣
ጊምሳ የነካካው ሐምራዊ መሬት ላይ ጽጌረዳ ጠጠር።
ቀኝ ሄድኩ። ግራ ሄድኩ። አንገቴ ደረቀ።
ዐይኔ እንባ አቀረረ፣ ረፋዱም አለቀ።
ሰባ ስምንተኛው ላይ፣ አንዲት ቀለበት፣ ነጥብ ያላት በአፏ፣
እንደ ሙሽራ ጌጥ አምራ ተቀምጣ፣ ከነክፋቷ።

ማክሰኞ ማክሰኞ አሞራ ገደል ነው ትምህርት ቤታችን፣
ባለ ክዳን ዕቃ፣ እስክሪብቶና ጓንት ይዘን በእጃችን።
አባ ኮዳዎቹ ቆመው ይታዘባሉ፣ ራሰ በራ ዳኛ ይመስል፤
ዱካሞ ከመረቡ ቆሮሶ እየፈታ፣ ቅርፊቱን ሲከፍል፣
«አንተ፣» አለኝ፣ «ዶክተር ነህ አይደል? ይህን ሁሉ ዘመን ተማርክ፣
መጨረሻህ ታዲያ የዓሣ አጥማጅ ሰገራ መቁጠር ነው፣ እግዜር ሲባርክ?»
ሳቁ ከጀልባ ጀልባ ዘለለ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ልበል፣
ዕንቁላል ነው የምንቆጥረው፣ ጎኑ ላይ እሾህ ያለው፣ የማይጠበስ፣ የማይቀቀል።
ልንሄድ ስንል ግን ከጀልባው ኋላ ጠቀሰኝ፣ ድምፁን ሰብሮ፦
«ልጄ ሆዱ ተነፍቷል… ያው ውሃ ውስጥ ነው የሚውል፣ ከመረብ ጋር አብሮ።»

ሌሊት ሌላ ስም ይመጣል።
ገቢሶ ነበረ።
ቀን ሠራተኛ፣ አሥራ ሁለት ሆነው አንድ ክፍል ያደረ።
ትኩሳቱ መጣ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። እኔም ወረፋው ሲገፋ፣
«ታይፎይድ» ብዬ ጻፍኩ፤ ካርዱ ተከመረ፣ እሱም ሄደ፣ ጠፋ።
የሸሚዙን ስፌት ገልጬ አላየሁም።
አንዲት ጠብታ ደሙን ዘርግቼ አላየሁም።
በሦስተኛው ሳምንት ወንድሙ መጣ፣ ካርዱን ሊመልስ አስቦ፣
ጠረጴዛዬ ጥግ አኖረውና ወጣ፣ ነጠላ ጫማውን ስቦ።

ባለፈው ሐሙስ ነው። አቶ ዋሪሶ «ና፣ ይቺን እያት» አሉኝ።
በቀይ ሕዋሳት መሐል የተጠማዘዘ ክር፣
እንደ ቸኮለ ሐኪም ፊርማ ጠመዝማዛ መስመር።
«ግርሻ፣» አሉ። «ቅማል ናት የምታመጣው። ካየኸው ይድናል።»
ካየኸው።
የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ።
«ሻይ ላስመጣልህ?» አሉ።
«ቆይ፣» አልኩ፣ «አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው።»
አላስቸኮሉኝም። መብራቱን ከፍ አደረጉልኝ።

ዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ። አልጋ ሰባት ላይ ዳራሜ ተኝታለች፣
ትኩሳቷ አርባ፤ ከቢላቴ ቆላ በሞተር ብስክሌት የመጣች።
እናቷ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላለች፣ ጉልበቷን አቅፋ።
ዘጠና ሦስተኛው መስክ ላይ መብራቱ ጠፋ።

ጄኔሬተሩ ሳል ይዞታል፣ አይነሳም።
ከሐይቁ በኩል ጉማሬ አጉረመረመ።
አንዲት ትንኝ ጆሮዬ ሥር ታዜማለች፤ ታውቃለች፣ ሰዓቷ ነው።
እጄን ከማዞሪያው አላነሳሁም፣
የደረስኩበት እንዳይጠፋኝ።

በጨለማው ውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ቀረበ።
«ዶክተር፣ ውጤቱ ደረሰ?»
«ሰባት መስክ ቀርቶኛል፣» አልኩ።
ትንሽ ዝም ብላ፣
«ሩቅ ነው?» አለች።