ጎህ አልተገኘም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ መቶ ሰባ ሁለት፣
ለሱቅ የታሰበ ምድር ቤት፣ ዛሬ የልጆች ትምህርት ቤት፤
አሥራ አራት ኮምፒውተር ከባንክ ሐራጅ የመጣ፣
ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ሆዱ ባዶ የወጣ።
«ግድ የለም» ብዬ ነበር ለዳይሬክተሯ ለትርሲት፣
«በፍላሽ ይነሳሉ፤ ስጪኝ ብቻ አንድ ሌሊት።»

ይኸው ሦስተኛው ነው።

ሊኑክስ ነው፤ ራሴ መርጬ፣ ራሴ ጠቅልዬ፣
የማይረባውን ጥዬ፣ የሚረባውን አስከትዬ፣
የግእዝ ፊደል፣ መዝገበ ቃላት፣ የሒሳብ ጨዋታ፣
አራት ጊጋ ሙሉ፣ ከአውራ ጣቴ ባነሰች ቦታ።
ሳሽጋትም «ጎህ» አልኳት፤
ስሟን በገዛ ፊደሌ፣ በሁለት ፊደል ጻፍኳት።

ፍላሹን እሰካለሁ። ሰማያዊው ሜኑ ይመጣል።
ኢንተር። ነጭ ጽሑፍ ከታች ወደ ላይ ይሮጣል፤
ሚሞሪው ይቆጠራል፣ ኪቦርዱ ይታወቃል፣
ማውሱ ቀይ ዓይኑን ይከፍታል፣ ልቤ ትንሽ ይሞቃል።
ከዚያ ቀጥ።
ጠቋሚው ብልጭ ይላል። ብልጭ። ይጠብቃል።
አሥር ሰከንድ። ሃያ። ሠላሳ።
ሥርዓቱን የያዘው ዲስክ አልተገኘም።
ጎኑ ላይ ተሰክቶ! መብራቱ እየበራ! አልተገኘም።

ፍላሹን ቀየርኩ፣ የመርካቶው አታሎኝ እንደሆን ብዬ፤
የፋይሉን ድምር አመሳከርኩ፣ ስልሳ አራት ቁምፊ፣ በጣቴ ተከትዬ፤
ልክ ነው። ልክ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።
«ምናልባት ዩኤስቢው ዘግይቶ ይሆናል የሚነቃው» አልኩና
ጠብቅ የሚል ትእዛዝ ጨመርኩለት።
ታዛዥ ነው፤ ጠበቀ።
አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቆ ያችኑ ደገመ።

እንደገና ለማሸግ አርባ ደቂቃ ይፈጃል።
የማክሰኞ ሌሊት ነው፣ ውኃ የሚመጣበት፤
ጀሪካን ደረጃ ለደረጃ እየተንኳኳ ይወጣል፣
ወዲያ፣ በአዳማው መንገድ፣ ከባድ መኪና ያቃስታል።
በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ
መብራት ሄደ።
የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል።

ጥበቃው ጋሽ ዲንቂሳ ካቦርታቸውን ደርበው መጡ፣
የእጅ ባትሪያቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።
ወግ ጀመሩ፤ ልጃቸው ከሻሸመኔ ስለላከው ብር።
«መታወቂያዬ በ‹ዲ› ነው፤ እሷ ጋ ያለው በ‹ድ› ይጀምራል፤
በእግሬ ሄጄ፣ በአካሌ ፊቷ ቆሜ፣
‹አባባ፣ በዚህ ስም ሰው የለም› አለችኝ።
‹ታዲያ ይሄ የቆመው ማነው?› ብላት
‹እኔ አይደለሁም፣ ኮምፒውተሩ ነው› አለች።»
«እሺ» አልኩ። «እሺ፣ ጋሽዬ።»
አልሰማኋቸውም። የጠፋችብኝን ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነበር የማስበው።

መብራት ሲመጣ፣ ማሽኑ ወድቆ ከሚቀርባት
ጥቂት ትእዛዝ ብቻ ከምታውቅ ጠባብ መስመር ላይ
«ያየኸውን ዲስክ ሁሉ፣ ከነስሙ ንገረኝ» ብዬ ጻፍኩ።
አንድ ዲስክ አለ። ስሙ፦ ስድስት ሰረዝ።

ስድስት ሰረዝ።

ማሸጊያው ፊደሌን አላወቀም፤ ሳይነግረኝ፣ በዝምታ፣
እያንዳንዱን ባይት ሰርዞ ሰረዝ ተካ በቦታው።
በሩ ላይ የቆመው «ጎህ! ጎህ!» እያለ ሲጣራ፣
ጎህ ከጎኑ ቆማለች፣ ስሟ ተፍቆ፣ ከነሥራዋ።
«በዚህ ስም ሰው የለም።»

«ጋሽ ዲንቂሳ!» ብዬ ወጣሁ። የሉም።
ለአራተኛ ፎቅ ጀሪካን ሊያግዙ ሄደዋል።

ስሟን በላቲን ጻፍኩት፤ በትልልቁ፣ እንደ ፓስፖርት።
ጂ። ኦ። ኤች።
ለጊዜው ነው አልኩ፤
እዚህ አገር «ለጊዜው» ስንት ዓመት እንደሚኖር ጠፍቶኝ አይደለም።

አርባ ደቂቃ። ሜኑ። ኢንተር። ብልጭ፣ ብልጭ፣
አለፈ።
በግእዝ ፊደል «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ተከፈተ፣
ስሟን ከደጅ የከለከለው፣ ከውስጥ ግን ሞልቶ።
ሰዓቱ የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሁለት ላይ ቆሟል፤
የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል።
አሥራ ሦስት ማሽን ይቀረኛል።

ለትርሲት መልእክት ላክሁ፦ «ይሠራል። አሥራ አራት ትንንሽ ክብ ባትሪ ግዢ።»
ከሥሩ፣ ሳልዘጋው፣ ለራሴ፦
የጋሽ ዲንቂሳን ደብተር ማየት።
«ዲ» ነው «ድ»?